ለሽያጭ የቀረበው አፈ ጉባኤ

ባርናቤ ቶዬ ሲወለድ አላለቀሰም ይላሉ የቶማ መንደር ሰዎች። አዋላጇ ጀርባውን ቸብ ስታደርገው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቤቱ ውስጥ የሚንጫጩትን ሴቶች አንድ በአንድ አየና እጁን አነሳ። ተራ ጠብቃችሁ ተናገሩ ማለቱ ነው። ይህን የሚጠራጠር ካለ አዋላጇን መጠየቅ ነበረበት፤ እሷ ደግሞ ሞታለች።

ሌላው ግን ምስክር አለው። ገና ጥርሱን ሳይነቅል በውሃ ጉድጓድ የተጣሉ ሁለት መንደሮችን አስታርቋል። እንዴት ቢሉ፣ የጉድጓዱን ገመድ ሰርቆ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ሁለቱ መንደሮች ጠባቸውን ትተው እሱን በጋራ ለመግረፍ ተስማሙ። እርቅ ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ገባው። ሲያድግ የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፤ ቀጥሎ የምክር ቤት አባል፤ በመጨረሻም በዋና ከተማዋ በዋጋዱጉ ከሁሉ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ደወል የሚደውል አፈ ጉባኤ። ድምፁ ከባድ ነው። አዳራሹ ውስጥ "ፀጥታ!" ሲል መንገድ ተሻግሮ ያለው ገበያ ውስጥ ዶሮዎች እንቁላል መጣል ያቆማሉ። የተጀመረውን እንኳ መልሰው ያስገቡታል የሚሉም አሉ።

ያን ሁሉ ግልፍተኛ እንደራሴ እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ ሀገሩ ይገረም ነበር። አንዱ ከደወሉ ነው ይላል፣ ሌላው ከድምፁ። ከሁለቱም አልነበረም። ከኖራጎ ዛብሬ ነበር።

ዛብሬ የተቃዋሚው ወገን አባል ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ። ሞሲ ነው። ባርናቤ ደግሞ ሳሞ ነው። ሞሲና ሳሞ የሚባሉት ሁለቱ ሕዝቦች ከቅድመ አያት ጀምሮ እየተሰዳደቡ መኖር ግዴታቸው ነው። ሞሲው "አንተ ባሪያዬ" ይለዋል፤ ሳሞው "ባሪያዬማ አንተ፣ ጠፍተህ ነው እንጂ" ይለዋል። የሚቆጣ የለም። የተቆጣ ቀን ሰውዬው ታሟል ተብሎ ሐኪም ይጠራለታል።

ስለዚህ በበጀት ሰሞን ሁለት እንደራሴዎች አንገት ለአንገት ሲተናነቁ ዛብሬ ቀስ ብሎ ይነሳል።

"የተከበራችሁ አባላት፣ በከንቱ አትድከሙ። ካዝናው ለምን ጎደለ ትላላችሁ? ወንበሩ ላይ ያስቀመጣችሁት እኮ ሳሞ ነው! ሳሞ ገንዘብ ሲያገኝ ውሻ ይገዛል፤ ውሻ ሲያገኝ ድስት ይጥዳል!"

ባርናቤ ደወሉን ይመታል። "ዛብሬ፣ ተቀመጥ። አባትህ አህያውን የሸጠ ቀን አህያዋ 'ተመስገን፣ ከሞሲ ተገላገልሁ' ስትል መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ምስክር ልጥራ?"

አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። የተናነቁትም አብረው ይስቃሉ። አንገት እንደያዙ መሳቅ ደግሞ አይመችም፤ ይለቃቀቃሉ። በጀቱ ከምሳ በፊት ያልቃል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከባሕር ማዶ እንግዶች መጡ፤ እነሱም የየሀገራቸው ምክር ቤት ሰዎች ናቸው፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ሊያዩ። በዚያው ጠዋት ወጣቱ የፕሮቶኮል ኃላፊ ላብ ላብ እያለው ባርናቤ ቢሮ ገባ።

"ክቡርነትዎ፣ ዛሬ እንኳ ያ... የውሻው ነገር ባይነሳ።"

"የምን ውሻ?"

"የሚበሉት።"

"እኔ ውሻ በልቼ አላውቅም!"

"እኔማ አውቃለሁ ክቡርነትዎ። እነሱ ግን በምን ያውቃሉ?"

ይህች ቃል እንደ አሸዋ ባርናቤ ጫማ ውስጥ ገባች። አዲስ የተሸመነ ሰፊ ቀሚሱን ለብሶ፣ የሥልጣን ሪባኑን አጥልቆ ወንበሩ ላይ ወጣ። የዕለቱ ጉዳይ የአህያ ሕግ ነበር፦ የአህያ ጋሪ በዋና ከተማው ሰፊ ጎዳና ላይ በቀን ይለፍ ወይስ አይለፍ። ቀላል ነገር ይመስላል። ግማሹ እንደራሴ ግን ጋሪ ያለው አጎት አለው፤ ግማሹ ደግሞ ጋሪ የገጨው መኪና አለው። ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጫማ በአየር ላይ ተሻገረ። እንግዶቹ ጆሮ ማዳመጫቸውን እያስተካከሉ ጫማውን በዓይናቸው ሸኙት።

ዛብሬ ተነሳ። ልማዱ ነው፤ ጫማ ሲበር ይነሳል።

"ወገኖቼ፣ ስለ አህያ የምንጣላው በማን ፊት ነው? በሳሞ ፊት! ይህን ሕግ ብናጸድቅ አፈ ጉባኤያችን የጋሪውን አህያ ትቶ ከኋላ የሚከተለውን ውሻ ነው የሚበላው!"

እንደራሴዎቹ ለመሳቅ አፋቸውን ከፈቱ። አስተርጓሚው በመስታወት ክፍሉ ውስጥ የሚሻል ቃል ፈልጎ አጣና እንዳለ ተረጎመው። እንግዶቹ ቀና ብለው ባርናቤን አዩት። አንዲት ወይዘሮ፣ ውስጡ ቡችላ ያለ ይመስል፣ የእጅ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

የባርናቤ ጆሮ እንደ ፍም ጋለ።

"የተከበሩ ዛብሬ!" አለ። "ይህ ስድብ ነው። የወንበሩን ክብር ደፍረዋል። ከአዳራሹ እንዲወጡ አዝዣለሁ።"

መጀመሪያ ሁሉም ጨዋታ መሰለው። ከካያ የመጣ አንድ ወፍራም እንደራሴ መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ የባርናቤን ፊት ሲያይ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረበት፣ ዋጠውና ሳል ያዘው። ዛብሬ ወረቀቱን ሰበሰበ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"እንደ ትእዛዝዎ፣ ክቡር አፈ ጉባኤ" አለና ወጣ።

በማግስቱ ባርናቤ ከመኪናው ሲወርድ ዛብሬ ደረጃው ላይ ቆሞ አገኘው።

"እንደምን አደሩ ክቡርነትዎ? እንቅልፍዎ ተስማማዎት? ቤተሰቡስ?"

"አንተ የአህያ ሌባ፣ ምን ሆነሃል?" አለ ባርናቤ እየሳቀ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ክቡርነትዎ። ደረጃው ያዳልጣል፤ ቀስ ብለው ይውጡ።"

የባርናቤ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ከተማውን አዳርሷል፤ ሞሲና ወሬ ደግሞ ነዳጅና ክብሪት ናቸው። ፀጉር አስተካካዩ ሞሲ ነበር፤ ሁልጊዜ ምላጩን እየሳለ "ይህን የሳሞ አንገት ዛሬ ልገላገለው ወይስ ይሰንብት?" የሚለው ሰውዬ፣ አሁን "ምላጩ ቀዘቀዘዎት እንዴ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ጅግራ ጠብሳ የምትሸጠው እትዬ ቲፖኮ ሁሌም "ለባሪያ እግርና አንገት ይበቃዋል፣ ወግድ!" ትለው ነበር። አሁን የሰባውን ታፋ መርጣ፣ ሁለቴ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

"እትዬ፣ ምነው? አንድ ቃል እንኳ?"

"መልካም ምግብ፣ ክቡር አፈ ጉባኤ።"

ታፋው አፉ ውስጥ ጥጥ ሆነበት። የትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ሞሲ ነበርና፣ የባርናቤ መኪና ሲመጣ ሌላውን ሁሉ አቁሞ ሰላምታ ይሰጣል። አንድ ቀን ሰላምታው ከመርዘሙ የተነሳ ከኋላ የቆመች ነፍሰ ጡር እዚያው ታክሲ ውስጥ ወለደች፤ ልጁም "ክቡርነትዎ" ተብሎ ስም ወጣለት ይባላል።

ምክር ቤቱ የባሰ ሆነ። የሚያስቅ ጠፋ፤ ጠብ ሁሉ እስከ መጨረሻው መሄድ ጀመረ። አንዱ የሌላውን ንግግር ከእጁ ነጥቆ በላው፣ ከነማኅተሙ። የአህያው ሕግ አንድ አንቀጽ አልራመደም። ባርናቤ ለዛብሬ ቤት አንድ ጭነት ማሽላ ላከ፤ ማሽላው በምስጋናና በሌላ አንድ ጭነት ማሽላ ታጅቦ ተመለሰ።

በዚህ ላይ ከቶማ እህቱ ደወለች። "እማዬ አልጋ ይዛለች። ቶሎ ና ብላሃለች።"

የባርናቤ እናት፣ እማማ ፌሊሲቴ፣ ዕድሜያቸውን የሚያውቀው የመንደሩ የባኦባብ ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱም ልጅ ሆኖ ነው ያያቸው። ባርናቤ ሲገባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ተጋድመዋል። ጎናቸው ተንበረከከ።

"እማዬ፣ መጣሁ።"

"አየሁህ። እኔ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ። ጨርቄ ታጥቧል። የተዝካሩ ጠላ፣ ዶሎው፣ ተጠምቋል፤ ማሽላውን ራሴ ነው የመረጥሁት። አንተ ግን ሞሲዎቹን ጨዋ አደረግህብኝ!"

"እማዬ..."

"ዝም በል! የአባትህ ቀብር ተረሳህ? የዛብሬ አባት መቃብሩ ውስጥ ወርዶ ተጋደመ። 'ይህ ሳሞ እኔን ሳያስፈቅድ መሞቱ ድፍረት ነው፤ ዶሮ ካልተሰጠኝ አልወጣም' አለ። ባሌን እየቀበርሁ በሳቅ ወገቤን ያዝሁ። እንባውም ሳቁም አንድ ላይ ወጣልኝ፣ ቀለለኝ። እኔ ስሞትስ? ሞሲዎቹ ተሰልፈው መጥተው 'እግዚአብሔር ያጽናችሁ' ብለውኝ ይሄዳሉ? እንደ ባዕድ? እንደ እንጨት ልቀበር ነው?"

"እማዬ፣ ገና ብዙ..."

"አልሞትም!" አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። "እስኪሰድቡህ ድረስ አልሞትም። እዚሁ ተኝቼ እጠብቃለሁ።"

እህቱ ከበር ላይ፣ "ሰሞኑን ሁሉ ያው ነው፤ ዶሎው ሊኮመጥጥ ነው" አለች።

ባርናቤ ራሱን ያዘ። ያች ሴት ሕይወቷን ሙሉ ከእሱ የለመነችው አንዳች ነገር አልነበረም፤ አሁን የለመነችው ሳቅ ያለበት ቀብር ነው፣ ያንንም የነጠቃት እሱ ነው።

"ምን ላድርግ? ማሽላ ላክሁለት፣ መለሰው።"

"ይቅርታ በማሽላ? የሰበርኸው ማድጋ አይደለም። ጨዋታ ነው የሰበርኸው፤ በጨዋታ ካስ። ባሪያቸው አይደለህ? ሂድና ተሸጥ!"

የዛብሬ አገር ቡሴ ነው፤ በገበያው ቀን ከሽማግሌዎች ጋር ማንጎው ሥር መቀመጡ አይቀርም። ባርናቤ መኪናውንና ጠባቂውን ከከተማው ዳር ትቶ፣ ሪባኑን አውልቆ፣ በእግሩ ገባ። ወደ ፍየል ተራ ሄደ። ከአንድ ቀይ ፍየልና ከአንድ ጥቁር ሙክት መካከል ተቀመጠ፤ ትርፍ ገመድ ለመነና አንገቱ ላይ አሰረ። ከዚያ ያን ድምፁን ለቀቀው።

"ባሪያ! የሳሞ ባሪያ! ያረጀ፣ ሆዳም፣ ሥራ የማይወድ! የሚገዛ!"

ሰው ከበበው። አንድም የሳቀ የለም።

"እንደምን ዋሉ ክቡር አፈ ጉባኤ" አለች ሽንኩርት ሻጭ፣ ጉልበቷን አጥፋ። "እንኳን ደህና መጡ ክቡርነትዎ" አለ ብስክሌት ጠጋኙ። የፍየሎቹ ባለቤት ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ፀሐይ በረታብዎ፤ ጥላው ሥር ቢሆኑ" አለው።

"ፍየሎችህን ጥላ ሥር ትሸጣለህ?"

"የለም፣ ክቡርነትዎ።"

"እንግዲያው ተወኝ።"

ፀሐይዋ አናቱ ላይ ወጣች። ላቡ በጀርባው ወረደ። ቀይዋ ፍየል የቀሚሱን ጫፍ ቀምሳ ወደደችው፤ እያላመጠች ወደ ጉልበቱ ሽቅብ መጣች። ባርናቤ እየቆየ "የሚገዛ!" ይላል፤ ሕዝቡም በትሕትና እጅ ይነሳዋል። እንዲህ ያለ ጨዋ ገበያ ቡሴ ከተቆረቆረች ታይቶ አይታወቅም። የእናቱ ቀብር እንዲህ ሊሆን ነው ብሎ አሰበ።

ዛብሬ ከማንጎው ሥር ተነስቶ በሕዝቡ መካከል አለፈ።

"ክቡርነትዎ፣ ችግር ገጠመዎት?"

"እየተሸጥሁ ነው። ግዛኝ።"

ዛብሬ አየው፤ ከዚያ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከአዳራሹ ስላስወጣኸኝ አይምሰልህ። ውጭ ነፋስ ነበር፣ ማንጎ በላሁ። ግን ስድብ አልኸው። ያን ሁሉ ዓመት ሰላም ስልህ የኖርሁበትን ቃል፣ አባቴ አባትህን የሸኘበትን ቃል፣ ስድብ ብለህ ስም አወጣህለት። በሰው ፊት።"

"አፍሬ ነው።"

"በማን?"

ባርናቤ ፍየሏን ገፋት፤ ተመልሳ መጣች። "በአንተ" አለ። "እነዚያ ጆሮ የደፈኑ ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩኝ በአንተ አፈርሁ። እነሱ በማግስቱ ሄዱ፤ የአንዳቸውም ስም ትዝ አይለኝም። አንተ ግን በየጠዋቱ ደረጃው ላይ አለህ። አሁን የማፍረው በራሴ ነው፤ እናቴም አልጋ ላይ ሆና ሳቅ ትለምነኛለች።"

ዛብሬ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገ። ተነሳ። ዛብሬ ወደ ፍየሎቹ ባለቤት ዞረ።

"አባባ፣ ይህን በስንት ትሰጠኛለህ?"

"ቀይዋን?"

"ቀይዋማ ታስተውላለች፣ ውድ ትሆናለች። መካከል ያለውን ነው።"

የሽማግሌው ፊት እንደ ጠዋት በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። "ይህኛው? ከመንገድ ነው ያገኘሁት። መጀመሪያ ጥርሱን እይ፣ በኋላ አታለልኸኝ እንዳትል።"

ዛብሬ የአፈ ጉባኤውን አገጭ ይዞ አፉን ፈለቀቀ። አንገቱን አስገብቶ ተመለከተ። "ጥርሱ እንደ አዲስ ነው! አባባ፣ ይህ አፍ ከወሬ በቀር ሥራ ነክቶ አያውቅም!"

ያን ጊዜ ቡሴ ፈነዳች። ለሳምንታት የታፈነ ሳቅ ነው፤ በአንዴ ሲለቀቅ የማንጎው ፍሬ ረገፈ፤ በአውራ ጎዳናው የሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር ጎማ የፈነዳ መስሎት ወርዶ አራቱንም ዳበሰ። የኦቾሎኒ ቂጣ ሻጯ ከኋላ "በአንድ ቂጣ!" ብላ ጮኸች። "ተወደደ!" አላት ብስክሌት ጠጋኙ። "ገመዱ ይጨመራል? ገመዱ ካለ እኔ ግማሽ ቂጣ እከፍላለሁ፣ ሰውዬውን ትመልሱታላችሁ!"

ዛብሬ ከኪሱ አንድ የኮላ ፍሬ አወጣ፤ ለሁለት ገመሰ፤ ግማሹን አፉ ውስጥ ከተተና ግማሹን ለሽማግሌው ሰጠ። "ይኸው ዋጋው።"

"ግማሽ ኮላ?" አለ ባርናቤ ተቆጥቶ። "አፈ ጉባኤ እኮ ነኝ!"

"እሱን አስበን ነው የቀነስነው!"

ባርናቤ እንባው እየወረደ ሳቀ፤ አንገቱ ላይ ባለው ገመድ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ደረቱን ነፋ። "ተመልከቱልኝ ጌታ! አለቃ ባለፈ ቁጥር መሬት እየሳመ አፍንጫው ያለቀ ሞሲ፣ ዛሬ ባሪያ ገዛ! አፍንጫ የሌለው ጌታ፣ ወዴት እንደምትነዳኝ በምን ታሸታለህ?"

"ወደ ቶማ ነው የምነዳህ። ከነእናትህ ነው የገዛሁህ።"

የአህያው ሕግ በቀጣዩ ስብሰባ በአንድ ጠዋት አለቀ፤ ጋሪ እስከ እኩለ ቀን ይለፍ ተባለ። እሱ በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን ሁለቱ በቀጥታ ቶማ ገቡ፣ ባርናቤ ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳለ። እማማ ፌሊሲቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዛብሬ ሰላም አላለም። አልጋውን በክንዱ ከራስጌ እስከ ግርጌ ለካ።

"ሰው እንዲህ ይረዝማል? ይህን ሁሉ አፈር ማን ይቆፍራል? ለሁለት አጥፌ ነው የምቀብራት!"

የእማማ የከንፈር ጥግ ተንቀጠቀጠ። "ምን ነው የሚሸተኝ? ሞሲ ነው?"

"ሞሲ ነው። ንብረቴን ልረከብ መጣሁ። በይ ጠጋ በይ፣ መንገዱ አድክሞኛል" ብሎ ከነጫማው አልጋው ላይ ተዘረጋ።

እማማ ዱላቸው ከአልጋው ሥር የት እንዳለ ሳያዩ ያውቁታል። አንድ ጊዜ ነው ያሳረፉበት፤ ድምፁ ጎረቤት ተሰማ። "ጫማህን አውልቅ፣ አንተ ባለጌ! የእናትህ ቤት መሰለህ?" ብለው ቁጭ አሉ፤ ከተኙ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። "አንቺ ልጅ፣ ዶሎውን አምጪ! ለቀብር የተጠመቀ ነው ብሎ ተቀምጦ ይበላሽ?"

"ዶሎ ያለ ዶሮ?" አለ ዛብሬ ጎኑን እያሸ። "በዱላ የተመታ ሰው ዶሮ ይገባዋል።"

"ባርናቤ! ለጌታህ ዶሮ ያዝ!"

ባርናቤ ጫማውን አውልቆ፣ ፍየል የበላችውን ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ግቢ ወረደ። አንድ ነጭ አውራ ዶሮ ነበር፤ አይቶት ገመተው፣ ናቀው፣ በጎተራው ዙሪያ ሮጠ። አፈ ጉባኤው ተከተለ። መንደሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። እናቱና ዛብሬ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዶሎ እየተጎነጩ፣ በተከፈተው በር ይመሩታል።

"በግራ! በግራ አልሁህ! ኧረ አመለጠው!"

"በልመና አይያዝም፣ እማማ፤ ድምፅ ሊያሰጠው ነው መሰለኝ።"

እማማ ዋንጫቸውን አስቀመጡና ዓይናቸውን አጥብበው ልጃቸውን አዩ። "እኔ እምለው፣ ይህን ልጅ አፈ ጉባኤ ያደረገው ማን ነው?"

"እንጃ፣ እማማ" አለ ዛብሬ። "እኔ ተቃውሜ ነው ድምፅ የሰጠሁት።"